ሐዋሳን ለጥንዶች በሁለት ቀን እንዴት መጎብኘት ይቻላል?

የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ሐዋሳ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ቅዳሜና እሁድ ለሁለት ሰው ይበቃታል፤ ወሳኙ ነገር የሰዓት አያያዝ ነው። ሐይቁ ጠዋት ጸጥ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ንፋስ ይነሳበታል። የአሳ ገበያውም የጠዋት ነው። ቁርስ ላይ ተዝናንቶ 5 ሰዓት የሚደርስ ሰው ገበያው ቀዝቅዞ ይጠብቀዋል።

መጀመሪያ ቀኑን ምረጡ

ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የገብርኤል ንግሥ ስለሆነ አልጋ ጭንቅ ነው። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጫምባላላም እንዲሁ። በዓሉን ማየት ከፈለጋችሁ ግን በሐይቁ ዳር ያለው ጉዱማሌ ውስጥ ሲከበር ማየት ድካሙን ይክሳል፤ ቀኑን አያንቶ የሚባሉ የሲዳማ አዋቂ ሽማግሌዎች ከዋክብት አይተው ስለሚወስኑ ከዓመት ዓመት ይለዋወጣል፣ አስቀድማችሁ አጣሩ። ከመስከረም እስከ ኅዳር ወባ ስለሚበረታ አልጋ ስትይዙ አጎበር መኖሩን ጠይቁ። ሁለታችሁም ጊዜው ያላለፈበት መታወቂያ ያዙ።

ቅዳሜ፦ መንገድና ጀንበር

ጠዋት 12 ሰዓት ከተነሳችሁ ለምሳ ትደርሳላችሁ። ለምሳ ቡርሳሜ እዘዙ፦ ቆጮ በቅቤ ርሶ ሻፌታ በሚባል የሸክላ ዕቃ ይቀርባል። ቅቤው ብዙ ስለሆነ ለሁለት አንድ ይበቃል።

ባጃጅ ስትይዙ ኮንትራት ይሁን እንደ ታክሲ የሚጭን ሳትሳፈሩ ተነጋገሩ፤ ጭቅጭቁ ሁሉ የሚመጣው ሲወርዱ ነው። 10 ሰዓት ሲሆን ከገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ተነስታችሁ በቀጥታው አውራ ጎዳና ፍቅር ሐይቅ ወደሚባለው የሐይቁ ዳርቻ በእግር ውረዱ። ሐይቁ ከከተማው በስተምዕራብ ስለሆነ ፀሐይ ፊት ለፊታችሁ ውሃው ላይ ትጠልቃለች። ከመሸ በኋላ ገለል ያለ የሐይቅ ዳር አትሂዱ፤ ጉማሬ ሣር ሊግጥ የሚወጣው ማታ ነው።

እሁድ፦ ጠዋት 1 ሰዓት አሞራ ገደል (የአሳ ገበያው)

ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ሲያራግፉ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ራሰ በራ ትልልቅ ወፎች አጠገባቸው ቆመው አንጀት ሲጠብቁ ታያላችሁ። ሙዝ በፌስታል አንጠልጥላችሁ አትግቡ፣ ጦጣ ከእጅ ይነጥቃል። ቀና ብላችሁ ዛፉን ካያችሁ ጉሬዛም አይጠፋም።

ለቁርስ ቆሮሶ አስጠብሱ። ዓሣው ከነጭንቅላቱ ጎንና ጎኑ በቢላ ይተለተልና የፈላ ዘይት ውስጥ ይገባል፤ ሥጋው እንደ ጣት ተነጣጥሎ ይቆማል። ያንን በእጅ እየነቀላችሁ በዳጣ ትበላላችሁ። መተልተሉ ለውበት ብቻ አይደለም፤ ዘይቱ እስከ አጥንቱ ዘልቆ ያበስለዋል። አጥንቱ አጠገብ ያለው ሥጋ ካልነጣ ገና ነው፣ መልሱት። ጥሬውን የሚበላ ብዙ ሰው ታያላችሁ፤ ጥገኛ ትል ሊኖርበት ስለሚችል ለተጓዥ አይመከርም።

ከቁርስ በኋላ ወዲያው ጀልባ ያዙ። ሳትሳፈሩ አራት ነገር ቁረጡ፦ ዋጋው በሰው ነው ወይስ በጀልባ፣ ስንት ደቂቃ፣ ደርሶ መልስ ነው ወይ፣ ጉማሬ ያለበት ድረስ ይሄዳል ወይ። ላይፍ ጃኬት የሌለውን ተዉት፣ ሌላ አይጠፋም። ጉማሬ ጋ ስትደርሱ ባለጀልባውን «ቅረብልን» አትበሉት፤ ጉማሬ ከጠለቀበት ሳይሆን ካልታሰበበት ይወጣል፣ ጀልባም ይገለብጣል። ቢልሃርዚያ ስላለ ሐይቁ ውስጥ አትዋኙ።

ከዚያ ታቦር ተራራን ውጡ፣ እዚያው አጠገብ ነው። ጫፉ ላይ በአንድ ወገን ሐይቁ፣ በሌላው ከተማው ይዘረጋል። መንገዱ አጭር ቢሆንም ጠጠሩ ያንሸራትታል፤ ነጠላ ጫማ አይሆንም። ፀሐዩ ሳይከር፣ እስከ 4 ሰዓት ድረስ ጀምሩ፣ ለአንድ ሰው አንድ ሊትር ውሃ ያዙ።

የመልስ ጉዞ ከ6 ሰዓት አይለፍ። ሻሸመኔ ላይ መንገዱ ይጨናነቃል፤ ሰዓቱ ካመለጣችሁ ከባቱ (ዝዋይ) እስከ አዲስ አበባ ያለውን መንገድ በጨለማ፣ ከብት እየጠበቃችሁ ትነዱታላችሁ።