አየርላንድ ውስጥ አሮጌ ጋጣን ወደ መኖሪያ ቤት ለመቀየር፦ ፈቃዱና ድጎማው እንዴት ይገኛል?

አየርላንድ ገጠር ውስጥ ግቢው ጥግ ላይ የድንጋይ ጋጣ ወይም መጋዘን ያለበት ቦታ ካላችሁ፣ ወይም ልትገዙ ካሰባችሁ፣ ያንን ጋጣ ቤት ማድረግ ይቻላል። መንግሥትም ለእድሳቱ እስከ 50,000 ዩሮ ይሰጣል። ሕንፃው የፈራረሰ ከሆነ እስከ 70,000 ይደርሳል። ቅደም ተከተሉን ከሳታችሁ ግን ብሩ ይቀራል። ስለዚህ መዶሻ ከማንሳታችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

መጀመሪያ፦ ጋጣው ለድጎማው ይበቃል?

ድጎማው የወጣው ባዶ ለተቀመጡ ቤቶች ነው። ሰው ኖሮበት የማያውቅ ሕንፃም ሊካተት ይችላል፤ ግን ወደ መኖሪያ ለመቀየር የሚያስፈልገው፣ ካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) የሚሰጠው የፕላን ፈቃድ መኖር አለበት። ከ2023 ግንቦት ወዲህ ባለው ደንብ ሕንፃው እስከ 2007 ድረስ የተሠራ መሆን አለበት፣ ቢያንስ 2 ዓመት ባዶ መቀመጥ አለበት፣ ባለቤትነታችሁን ወይም ግዢው በሂደት ላይ መሆኑን የሚያሳይ ሰነድም ይጠየቃል። ሲያልቅ ወይ ራሳችሁ ትኖሩበታላችሁ፣ ወይ ለተከራይ ታከራያላችሁ።

ባዶ መቆየቱን ለማሳየት አብዛኛውን ጊዜ የመብራት ቢል ይቀርባል። ቆጣሪ ገብቶበት የማያውቅ ጋጣ ግን ቢል ከየት ያመጣል? ካውንስላችሁ ውስጥ የባዶ ቤቶችን ጉዳይ የሚከታተል ሠራተኛ አለ። ምን ማስረጃ እንደሚቀበሉ በኢሜይል ጠይቁት፣ መልሱንም አስቀምጡ።

አንድ ነገር እንዳይምታታባችሁ፦ ለባህላዊ የእርሻ ሕንፃዎች የሚሰጥ ሌላ ድጎማ አለ። እሱ ጋጣው ጋጣ ሆኖ እንዲቀጥል ለመጠገን ነው፤ ቤት ለማድረግ አይሆንም።

ቀጥሎ፦ ፈቃድ ያስፈልጋል ወይ?

ከቤቱ ጋር ተያይዞ ከጎን ወይም ከኋላ ያለ ጋራዥ ወይም መጋዘን የቤቱ አካል ሲደረግ፣ ከዚህ በፊት የተቀጠለው ተደምሮ ከ40 ካሬ ሜትር ካልበለጠ፣ ሌሎቹን መስፈርቶች እስካሟላ ድረስ ያለ ፈቃድ ሊሠራ ይችላል። ለብቻው የቆመ ጋጣ ራሱን የቻለ ቤት ሲሆን ግን ፈቃድ ግድ ነው። ከተጠራጠራችሁ በ2000ው የፕላን ሕግ አንቀጽ 5 መሠረት ካውንስሉን በጽሑፍ መጠየቅ ትችላላችሁ። ክፍያው 80 ዩሮ ነው፣ መልሱም በ4 ሳምንት ይሰጣል። «ጎረቤቴም እንዲሁ ሠርቷል» የሚለው ማስረጃ አይሆንም። ሕንፃው በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ ደግሞ ደንቡ ይበልጥ ጥብቅ ነው።

የፈቃዱ ማመልከቻ

ዋናው ጉዳይ እዚህ ጋ ነው። ማመልከቻ ከማስገባታችሁ በፊት ከካውንስሉ ባለሙያ ጋር የቅድመ ማመልከቻ ውይይት ጠይቁ። ደጋግሞ የሚነሳው ጥያቄ ግድግዳው ሳይፈርስ ቤቱን መሸከም ይችላል ወይ የሚል ነው፤ ምክንያቱም ጋጣውን አፍርሶ አዲስ ቤት መሥራት ሌላ ጉዳይ ነው፣ ገጠር ውስጥ ደግሞ አዲስ ቤት ማስፈቀድ ይከብዳል። ስለዚህ መሐንዲስ አስገቡ። ስንጥቁን፣ የበሰበሰውን የጣሪያ እንጨት፣ ከመሠረቱ የሸሸውን ማዕዘን ፎቶ አንስቶ በሪፖርቱ ያስገባው። በእኔ እምነት ከንድፉ በፊት ገንዘብ መውጣት ያለበት ለዚህ ሪፖርት ነው።

የሕዝብ ፍሳሽ መስመር ከሌለ የሴፕቲክ ታንክ (የቤቱን ፍሳሽ የሚቀበል የመሬት ውስጥ ገንዳ) ጉዳይ ይመጣል፤ አፈሩ ውኃ እንዴት እንደሚያሰርግ ይለካል። ጣሪያ ሥር የሌሊት ወፍ ካለም ተጠንቀቁ። በሕግ የተጠበቀ እንስሳ ነው፣ መኖሪያውን መንካት የተለየ ፈቃድ ይጠይቃል። ጥናቱ በወቅቱ ካልተሠራ ወራት ሊባክን ስለሚችል ለመሐንዲሱ ቀድማችሁ ንገሩት።

ከዚያ ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ ታወጣላችሁ፣ በሩ ላይም ከመንገድ የሚነበብ ማስታወቂያ ትለጥፋላችሁ፣ ማመልከቻውም ማስታወቂያዎቹ ከወጡ በ2 ሳምንት ውስጥ መግባት አለበት። የበሩን ማስታወቂያ ዝናብና ንፋስ እንዳይወስደው በላስቲክ ሸፍኑት፤ ማመልከቻው ከገባ በኋላ 5 ሳምንት መቆየት አለበት። በነዚህ 5 ሳምንታት ማንም ሰው 20 ዩሮ ከፍሎ አስተያየት ማስገባት ይችላል። ውሳኔው ብዙውን ጊዜ በ8 ሳምንት ይሰጣል፤ ካውንስሉ ተጨማሪ መረጃ ከጠየቀ ግን ጊዜው ይራዘማል። ውሳኔው ከተሰጠ በኋላም ለይግባኝ 4 ሳምንት አለ። የመጨረሻው ፈቃድ እጃችሁ እስኪገባ ጠብቁ።

የድጎማው ማመልከቻ

ፈቃዱን፣ የባለቤትነት ማስረጃውን፣ የሥራ ዝርዝሩን ከኮንትራክተር ፕሮፎርማ ጋርና የግብር ክሊራንሱን አያይዛችሁ ለካውንስሉ ታስገባላችሁ። ለፈራረሰ ሕንፃ የሚጨመረውን 20,000 ዩሮ ከፈለጋችሁ የገለልተኛ ባለሙያ ሪፖርትም ያስፈልጋል። ካውንስሉ ሰው ልኮ ሕንፃውን ያያል፣ ከዚያ የማጽደቂያ ደብዳቤ ይመጣል። ደብዳቤው ሳይመጣ ሥራ አትጀምሩ! ኮንትራክተሩ «ሰው አለኝ፣ ሰኞ ልግባ» ቢላችሁም እምቢ በሉ። ቀድሞ የተሠራ ሥራ በድጎማው አይሸፈንም።

ገንዘቡ በቅድሚያ እንደማይሰጥም እወቁ። የሚከፈለው ሥራው አልቆ ካውንስሉ እንደገና መጥቶ ካየ በኋላ ነው። እስከዚያ ኮንትራክተሩን የምትከፍሉበት ቁጠባ ወይም ብድር አስቀድማችሁ አዘጋጁ። ከመንግሥት የኃይል ቁጠባ ኤጀንሲ (SEAI) ለሙቀት መከላከያና መሰል ሥራ የሚሰጠውን ድጎማ ጎን ለጎን መጠየቅ ይቻላል፤ አንዱን ሥራ ግን ሁለቴ ማስከፈል አይቻልም።

ቤቱን ቶሎ ለመሸጥ ካሰባችሁ ደግሞ ሒሳቡን ቀድማችሁ ሥሩ፦ በ5 ዓመት ውስጥ ከሸጣችሁ ድጎማውን ሙሉ በሙሉ ትመልሳላችሁ፣ ከ5 እስከ 10 ዓመት ባለው ጊዜ ከሆነ 75 በመቶውን፣ ከ10 ዓመት በኋላ ግን ምንም አትመልሱም።