ግዙፍ ብቸኛ ቁጥርን በደብተር ላይ መፈተን

በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር የሚያጠና የድሬዳዋ ተማሪ፣ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2024 በሉክ ዱራንት የተገኘውና 41,024,320 አሃዞች ያሉት ግዙፍ ብቸኛ ቁጥር (ብቸኛ ቁጥር ከ1 የሚበልጥና ከ1 እና ከራሱ በቀር ለሌላ ቁጥር ያለ ቀሪ የማይካፈል ነው) የተረጋገጠበትን ስልት በእርሳስና በደብተር ብቻ ሊሞክረው ይችላል። ያ ቁጥር 2 በ136,279,841 አርቢ ከፍ ብሎ፣ ማለትም ያን ያህል ሁለቶች እርስ በርስ ተባዝተው፣ 1 ሲቀነስለት የሚገኘው ነው፤ ስልቱም የሉካስና ሌመር ፈተና ይባላል።

በመጀመሪያ ከ2 የሚበልጥ ብቸኛ ቁጥር ለአርቢነት ይምረጡ። 7ን ብንወስድ 2 በ7 አርቢ ከፍ ሲል 128 ስለሆነ፣ 1 ሲቀነስለት የሚፈተነው ቁጥር 127 ይሆናል። ከ4 ተነሥተው ቁጥሩን በራሱ ያባዙ፣ 2 ይቀንሱለት፣ ውጤቱን ለ127 አካፍለው ቀሪውን ብቻ ይያዙ፤ ይህንንም ከአርቢው በ2 ላነሰ ጊዜ፣ ማለትም 5 ጊዜ ይደጋግሙት። ቀሪዎቹ በቅደም ተከተል 14፣ 67፣ 42፣ 111 እና 0 ናቸው። የመጨረሻውን እርምጃ በጥንቃቄ ይሥሩት፦ 111 በራሱ ሲባዛ 12,321 ነው፤ 2 ሲቀነስለት 12,319 ይሆናል፤ ይህም 127 በ97 ተባዝቶ የሚገኘው በመሆኑ ቀሪ የለውም። የመጨረሻው ቀሪ 0 ሲሆን ቁጥሩ ብቸኛ ነው፤ አለበለዚያ አይደለም።

አርቢው ብቸኛ መሆኑ ብቻውን አይበቃም፤ በ11 የሚገኘው 2,047 የ23 እና የ89 ብዜት ነውና።

የግዙፉን ቁጥር የመጨረሻ አሃዝ ማወቅ ግን እጅግ ቀላል ነው። የ2 ርቢዎች መጨረሻ 2፣ 4፣ 8፣ 6 እያለ ስለሚደጋገምና 136,279,841 ለ4 ሲካፈል 1 ስለሚተርፍ፣ ርቢው በ2፣ ቁጥሩም በ1 ያበቃል።