የሥነ ምግባር ሥልጠናን ከመስኮቱ መጀመር፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ መሥሪያ ቤቶች

የከተማ አስተዳደር ሠራተኛ የሥነ ምግባር ሥልጠና ሲባል የሚጠብቀው የታወቀ ነው፤ በትልቅ አዳራሽ መቶ ምናምን ሰው፣ «የሙስና ምንነት፣ መንስኤና መፍትሔ» የሚል ስላይድ፣ ሻይ ቡና፣ ውሎ አበል። በማግስቱ ሁሉም ወደ ወንበሩ ይመለሳል፣ ተገልጋዩም እንደ ድሮው «ነገ ተመለሱ» ይባላል። ጉቦ ነውር መሆኑ ያልተነገረው ሠራተኛ የለምና ትርጉሙን መደጋገም ትርፉ ድካም ነው። ሠራተኛው የሚጨንቀው የአጎቱ ልጅ ፋይል ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ፣ ወይም አለቃው ደውሎ «ይቺን ነገር ዛሬ ጨርስልኝ» ሲለው ነው። ሥልጠናው ለዚያች ሰዓት ይዘጋጅ።

ከዚህ በታች ያለው በከተማ አስተዳደር፣ በክፍለ ከተማና በቀበሌ ለሚሠሩ የሥነ ምግባር መከታተያ ባለሙያዎችና የሰው ሀብት ኃላፊዎች ነው።

መቼና ስንት ሰው

ሰኔን ተዉት። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ሰኔ ላይ የሚጠራ ሥልጠና ገና ሳይጀመር «በጀት ለማቃጠል ነው» ይባላል፤ ስለ መንግሥት ገንዘብ አያያዝ ለማስተማር ከዚህ የከፋ መግቢያ አይገኝም። ሐምሌ ገቢዎች ሰው አይለቅም። ታኅሣሥ መጨረሻ የንግድ ፈቃድ እድሳት ማብቂያ ስለሆነ ንግድ ጽሕፈት ቤት በሰልፍ ይጨናነቃል። ኅዳር 30 አካባቢ የዓለም ፀረ ሙስና ቀን ስላለ ብዙ መሥሪያ ቤት ሥልጠናውን ከባነሩና ከቲሸርቱ ጋር እዚያ ላይ ይደርበዋል። በዓሉ ይከበር፣ ሥልጠናው ግን ለብቻው ይሁን። ጥቅምት፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ያለው ጥርና ሚያዝያ ይሻላሉ። ረመዳን ከገጠመ ከጠዋቱ ግማሽ ቀን አታሳልፉ።

በአንድ ክፍል 25 ሰው፣ ቢበዛ 30፤ በአንድ ጠረጴዛ አምስት አምስት። ከዚያ ካለፈ ኋላ የተቀመጠው ስልኩን ይነካካል። ሙሉ ቀን ከመያዝ አራት ግማሽ ቀን ይበልጣል፤ ሠራተኛው ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ሲሠለጥን ግማሹ መስኮቱ ላይ ይቀመጣል። በር ዘግቶ «ሥልጠና ላይ ነን» የሚል ወረቀት መለጠፍ ከኩታበር ጉዳዩን ይዞ የመጣውን ሰው ያለ ጥፋቱ መቅጣት ነው። ደሴ ላይ ሰኞ አይሁን፤ የገጠሩ ሰው ለገበያ ሲወጣ ጉዳዩንም አብሮ ይዞ ይመጣል። ዓርብም ከ5፡30 እስከ 7፡30 የጁምዓ ሰዓት ስለሆነ ፕሮግራሙ ይቆራረጣል። ማክሰኞና ሐሙስ ጥሩ ናቸው። ረቡዕ ከሆነ ከሻዩ ጋር የሚቀርበው የጾም ይሁን።

መጀመሪያ መስኮቱ ጋ ተቀመጡ

ሥልጠናው ሊጀመር ሁለት ሳምንት ሲቀረው አንድ ጠዋት፣ ከ2፡30 እስከ 6፡30፣ አገልግሎት መስጫው አጠገብ ተቀምጣችሁ 20 ተገልጋይ ተከታተሉ። ለእያንዳንዱ አራት ነገር ብቻ ጻፉ፦ ምን ሰነድ ይዞ መጣ፣ ወደ ማን ተላከ፣ ስንት ጠረጴዛ ዞረ፣ ሲሄድ ምን ወረቀት ይዞ ሄደ። ስም አትጻፉ። ከዚያ የቅሬታ መዝገቡን አውጡና ያለፉትን ስድስት ወራት አንብቡ። መዝገቡ ባዶ ከሆነ «ቅሬታ የለም» ብላችሁ አትደሰቱ፤ የተቀመጠበት ቦታ ለተገልጋዩ ይታይ እንደሆነ እዩ።

ያገኛችሁትን በአንድ ገጽ ሠንጠረዥ አስቀምጡት፦ የሥራው ደረጃ፣ የሚወስነው ሰው የሥራ መደብ፣ በዜጎች ቻርተር (መሥሪያ ቤቱ ለተገልጋዩ ቃል የገባበት ሰነድ) የተቀመጠው ጊዜ፣ በተግባር የወሰደው ጊዜ፣ መዝገብ ወይም ደረሰኝ መኖር አለመኖሩ። የመጨረሻዋን ዓምድ በደንብ ተመልከቱ። ለጉቦ በር የሚከፈተው አብዛኛውን ጊዜ ምንም የማይጻፍበት ቦታ ላይ ነው፤ ሰነድ የሚቀበለው ባለሙያ «ይጎድላል» ብሎ በቃል ሲመልስ፣ የመስክ ልኬት ቀጠሮ ሲሰጥ፣ ያለቀ ፋይል ፊርማ ሲጠብቅ። ሠንጠረዡ ለሥልጠናው ከማንኛውም ማኑዋል ይበልጣል፤ ተሳታፊው የራሱን ቤት ሲያይ ይነቃል።

ሕጉን በአንድ ሰዓት

አዋጅ ማንበብ አያስፈልግም። ሊታወቁ የሚገባቸው ጥቂት ናቸው፦ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ስለ ግልጽነትና ተጠያቂነት፣ የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007፣ የሀብት ማሳወቂያና ማስመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 668/2002፣ የምስክሮችና የጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003። 12ቱ የሥነ ምግባር መርሆዎች በግድግዳ ላይ ይለጠፉ፤ ማስሸምደድ ግን ጊዜ ማባከን ነው።

ጊዜያችሁን ሠራተኛው ወንጀል መሆናቸውን በማያውቃቸው ሁለት ነገሮች ላይ አውሉት። አንደኛው ጉዳይን ያለአግባብ ማጓተት ነው። ጥቅም ለማግኘት ወይም ሰውን ለመጉዳት ተብሎ ፋይል ማቆየት፣ ገንዘብ ባይቀበሉበትም፣ በሙስና ወንጀል ያስጠይቃል። ሁለተኛው ትክክለኛውን ሥራ ለመሥራት የማይገባ ጥቅም መቀበል ነው። «ሕግ አልጣስኩም፣ የሚገባውን ነው የሠራሁለት፣ ደስ ብሎት ሰጠኝ» የሚለው ክርክር አያድንም። ይህ ሲነገር ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ ጥያቄ የሚበዛውም እዚህ ላይ ስለሆነ ሩብ ሰዓት ጨምሩበት።

ሥልጣኑ የማን እንደሆነም ግልጽ ይሁን። በፌደራል ደረጃ ከ2008 ወዲህ የሙስና ምርመራና ክስ ከፀረ ሙስና ኮሚሽኑ ወጥቶ ወደ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ ሄዷል፤ ብዙ ሰው ግን አሁንም ኮሚሽኑ ያስራል ብሎ ያስባል። የክልሉን አሠራር የክልሉ ኮሚሽን ባለሙያ ራሱ መጥቶ ቢያስረዳ ይሻላል።

የመወያያ ጉዳዮች

በግማሽ ቀን ሁለት ጉዳይ ይበቃል። ጉዳዩ ከሠንጠረዡ ይውጣ፣ ግን ማንም «ይሄማ የእከሌ ነው» እንዳይል ቦታውና ዝርዝሩ ይቀየር። መልሱ ግልጽ የሆነ ጉዳይ አትምረጡ፤ «ኢንጂነሩ 50 ሺህ ብር ጉቦ ጠየቀ» ተብሎ ቢጻፍ ሁሉም «ወንጀል ነው» ብሎ በሁለት ደቂቃ ይጨርሰዋል። የሚያከራክረው ይኸኛው ነው፦

የመሬት ባለሙያዋ ለልኬት ቀጠሮ ሰጥታለች። የመሥሪያ ቤቱ መኪና ሌላ ሥራ ላይ ነው። ቦታው ገራዶ ነው። ተገልጋዩ «ችግር የለም እህቴ፣ ባጃጅ ይዣለሁ» ይላል። ይሄዳሉ፣ ይለካል። ሲመለሱ ምሳ ሰዓት ደርሷል፤ ሰውየው «በባዶ ሆድ አትሄጅም» ብሎ ምግብ ቤት ያስገባታል። በሳምንቱ ጎረቤቱ የወሰን ክርክር ያቀርባል፣ ፋይሉም ተመልሶ እሷው ዘንድ ይመጣል።

ጥያቄዎቹ፦ ስህተቱ የተጀመረው የት ላይ ነው? ባጃጁ ላይ፣ ምሳው ላይ፣ ወይስ ክርክሩ ሲመጣ ፋይሉን መልሳ ስትይዝ? መኪና ከሌለ ምን ማድረግ ነበረባት? አንዳንዱ «ምሳ ጉቦ ሆነ እንዴ!» ይላል፤ ወሎ ላይ ቁርስ ምሳ የማይል ሰው የለም፣ እውነት ነው። አሠልጣኙ አይከራከር፤ «ጎረቤትየው ምግብ ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ቢያያችሁስ?» ብሎ ይጠይቅና ዝም ይበል። ውይይቱ መድረስ ያለበት አሠራር ላይ ነው፦ የልኬት ቀጠሮ በሰፈር ተሰብስቦ በሳምንት አንድ ቀን በመኪና ይውጣ፣ ባለሙያ ብቻውን አይሂድ፣ የመስክ መዝገብ ላይ የመነሻና የመመለሻ ሰዓት ይፈረም።

ሁለተኛው ጉዳይ በእጅ የሚያዝ ይሁን። ለ20 ወንበር ግዥ ሦስት ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) አዘጋጁና አባዝታችሁ አድሉ፤ የሱቆቹ ስም የፈጠራ ይሁን። ምልክቶቹን እናንተው ቅበሩ፦ ሦስቱም ላይ «ወንበር» የሚለው ቃል በአንድ ዓይነት ስህተት ይጻፍ፣ የሁለቱ የእጅ ጽሑፍ ይመሳሰል፣ ቀኑ አንድ ይሁን፣ አንዱ ማኅተም የመለዋወጫ ሱቅ ይሁን፣ የዋጋው ልዩነት በእያንዳንዱ ወንበር እኩል 50 ብር ይሁን። 15 ደቂቃ ስጡ። ሰው ምልክት መፈለግ ይወዳል፣ ክፍሉ ይሟሟቃል፤ አደጋውም እዚሁ ላይ ነው፣ ተስቆ ሊታለፍ ይችላል። ሳቁ ሳይበርድ ጠይቁ፦ «በእኛ ቤት ፕሮፎርማ የሚሰበስበው፣ የሚከፍተውና የሚያወዳድረው ማነው?» መልሱ አንድ ሰው ከሆነ ፍሊፕ ቻርት ላይ ይጻፍ። ቀጥላችሁ ንብረት ክፍልን ጠይቁ፦ ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) የሚቆረጠው ዕቃው ግምጃ ቤት ገብቶ ተቆጥሮ ነው ወይስ ነጋዴው ክፍያ ስለቸኮለ ቀድሞ?

ሦስተኛ ከፈለጋችሁ «ፋይሉ በጦርነቱ ጠፍቷል» የሚባልበትን ጉዳይ ውሰዱ። በ2014 ሁለቱ ከተሞች ካለፉበት በኋላ ይህ መልስ እውነትም ሰበብም ሊሆን ይችላል። መጥፋቱን ማን በምን ቃለ ጉባኤ አረጋገጠ፣ ምትክ ፋይል በማን ፊርማ ይከፈታል፣ ተገልጋዩ እጁ ላይ ያለው ኮፒ ከምን ጋር ይመሳከራል? ለእነዚህ የተጻፈ መልስ የሌለው ቢሮ ለደላላ ክፍት ነው።

እምቢ ማለትን በአፍ መለማመድ

ይህችን ክፍል ብዙዎች ይዘሏታል፣ ሥራው ያለው ግን እዚህ ነው። ሰው መርሑን እያወቀ የሚሸነፈው አፉ ላይ ቃል ስለሚያጣ ነው። ሁለት ሁለት ሆነው አንዱ ተገልጋይ፣ አንዱ ሠራተኛ ይሁን፤ ከሦስት ደቂቃ በኋላ ይቀያየሩ። መልሱ ሦስት ነገር ይያዝ፦ አክብሮት፣ እምቢታ፣ የጉዳዩ ቀጣይ ቀን። ለምሳሌ አንድ አዛውንት ለበዓል ሙክት ልላክልህ ቢሉ፦ «አባባ፣ ዱአዎ ይበቃኛል። በጉን ለልጆችዎ ይረዱላቸው። ጉዳይዎ ሐሙስ ከሰዓት ያልቃል፣ ይቺን ቁጥር ይዘው ይምጡ።» ቀኑን ካልጨመራችሁ ሰውየው «አልጠቀምኩትም ማለት ነው» ብሎ በሌላ በር ይመጣል።

ለዘመድ፦ «የአክስቴ ልጅ ስለሆንክ ፋይልህን እኔ አልነካውም፤ ለቡድን መሪው ጽፌ አስረክቤዋለሁ፣ ተራህን ጠብቅ።» እዚህ ላይ የጥቅም ግጭት ማሳወቂያ ቅጽ አዘጋጅታችሁ እዚያው አስሞሉ፤ ግማሽ ገጽ ትበቃለች፦ የፋይል ቁጥር፣ ዝምድናው፣ ቀን፣ ፋይሉን የተረከበው ሰው ፊርማ።

ለአለቃ የሚሰጠው መልስ ከሁሉም ይከብዳል። «እሺ ጋሼ፣ በስልክ መታዘዜን ፋይሉ ላይ ላስፍረው?» የምትለው ጥያቄ ብዙ ትእዛዝ ታስቀራለች። ግን ኃላፊዎቹ ቀድመው ካልተስማሙባት ሠራተኛውን ታስመታዋለች። ስለዚህ ለኃላፊዎች የሁለት ሰዓት ክፍለ ጊዜ ከሠራተኛው በፊት፣ ለብቻቸው ይሁን፤ የቃል ትእዛዝ ፋይል ላይ ከነቀኑና ከነሰዓቱ እንዲሰፍር በፊርማቸው ያጽድቁ። ኃላፊው ንግግር ከፍቶ «ስብሰባ አለብኝ» ብሎ የሚወጣ ከሆነ ባይመጣ ይሻላል።

የሚበላሹ ነገሮች

የመጀመሪያው ፈተና የአቴንዳንስ ወረቀቱ ነው። ላልመጣ ባልደረባ ፈርሞ አበል መቀበል በሥነ ምግባር ሥልጠና ላይ መፈጸሙ ያሳቅቃል፣ ግን አይጠፋም። ፊርማው በመግቢያና በመውጫ ይሁን፤ ከመግቢያው ግማሽ ሰዓት በኋላ ወረቀቱ ይሰመርበትና ይነሳ። የአበሉ መጠንና የሻይ ቡናው ወጪ በመጀመሪያው ቀን ለተሳታፊው ይነገር።

ውይይት ላይ ስም ይጠራል። መጀመሪያ ላይ «ስም፣ ቢሮ፣ ቀበሌ አይጠራም» የሚል ደንብ አውጡ። እውነተኛ ጥቆማ ከወጣ አሠልጣኙ ፍሊፕ ቻርት ላይ አይጻፍ፣ ዝርዝርም አይጠይቅ፤ መርማሪ አይደለም። በዕረፍት ሰዓት ጠቋሚውን ለብቻ አግኝቶ ወደ መከታተያ ክፍሉ ወይም ወደ ኮሚሽኑ ይምራው፤ ስለ ጥበቃ አዋጁም ይንገረው።

መብራት ይጠፋል። ፕሮጀክተር ላይ የተንጠለጠለ ሥልጠና እዚያው ይቆማል፤ ጉዳዮቹ በወረቀት ይባዙ።

ከሥልጠናው በኋላ

በመጨረሻው ቀን እያንዳንዱ ቡድን ከሠንጠረዡ አንድ ደረጃ መርጦ አንድ ለውጥ ይጻፍ፣ የሚያስፈጽመው ሰውና ቀን ይኑረው። «ግንዛቤ ማሳደግ» ለውጥ አይደለም፤ ተመልሶ ይታረም። «ይጎድላል የተባለ ሰነድ በሁለት ኮፒ ተጽፎ አንዱ ለተገልጋዩ ይሰጣል» ለውጥ ነው።

በ30ኛውና በ90ኛው ቀን ሦስት ቁጥር ቁጠሩ፦ ከቻርተሩ ጊዜ ያለፉ ፋይሎች፣ ከአንድ ጊዜ በላይ «ይጎድላል» ተብለው የተመለሱ፣ በጽሑፍ መልስ ያገኙ ቅሬታዎች። ከዚያ አንድ ጠዋት እንደገና መስኮቱ ጋ ተቀምጣችሁ 20 ተገልጋይ ተከታተሉና አዲሱን ገጽ ከድሮው ጎን ለጎን አድርጋችሁ ለኃላፊው አስረክቡ፤ ቁጥሩ ካልተነቃነቀ ቀጣዩን የሥልጠና በጀት ከመጠየቃችሁ በፊት የተጻፉትን ለውጦች ማን እንዳላስፈጸመ ጠይቁ።