ስፌት አልባ የቅይጥ ብረት ቧንቧ እንዴት ይመረጣል?

መርካቶ ከአንድ ብረታ ብረት መደብር ገብተው «ሲምለስ (ስፌት አልባ ቧንቧ) አለ?» ቢሉ፣ ባለሱቁ መልሶ የሚጠይቅዎት «ስንት ኢንች?» ብሎ ነው። ከኢንቹ በፊት ግን በቧንቧው ውስጥ የሚያልፈው ነገር ምን ያህል እንደሚሞቅ ይወቁ።

በ10 ባር ግፊት ለሚሠራ የሆቴል ልብስ ማጠቢያ ወይም የምግብ ፋብሪካ ቦይለር የእንፋሎቱ ሙቀት 184 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ነው። ለዚህ ኤ106 ግሬድ ቢ የሚባለው ተራው የካርቦን ብረት ሲምለስ በቂ ነው፤ ቅይጥ ካልገዙ የሚልዎት ሻጭ ስለ ቦይለርዎ ተጨንቆ አይደለም። ቅይጡ የሚፈለገው ሙቀቱ 425 ዲግሪ ገደማ ሲደርስና ሲያልፍ ነው። እዚያ ላይ ለዓመታት የቆየ የካርቦን ብረት ውስጡ ያለው ካርቦን ወደ ግራፋይት እየተለወጠ ይዳከማል፤ ግፊቱም ቀስ በቀስ ይለጥጠዋል። በቅይጡ ውስጥ ያለው ሞሊብዲነም መለጠጡን ይገታል፣ ክሮሚየም ደግሞ ገጹ በሙቀት እንዳይበላ ይከላከላል። የኃይል ማመንጫዎችና የነዳጅ ማጣሪያዎች የሚጠቀሙበትም ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ዓይነቱን ይለዩ። ኤ335 በሚባለው የቅይጥ ብረት ቧንቧ መስፈርት ፒ11 1.25 በመቶ ገደማ ክሮሚየምና 0.5 በመቶ ሞሊብዲነም፣ ፒ22 2.25 እና 1፣ ፒ91 ደግሞ 9 እና 1 ከጥቂት ቫናዲየም ጋር ይይዛሉ። ክሮሚየም አላቸው ተብሎ ክረምቱን ደጅ አይተዉም፤ ይዝጋሉ።

ሱቁ ውስጥ መጀመሪያ ስፌቱን ይፈልጉ። ሲምለስ የሚሠራው የጋለ ድፍን ብረት መሃሉ ተበስቶ ነው፤ እንደ ሌላው ቧንቧ ላሜራ ተጠቅልሎ አይበየድም። በስልክዎ መብራት ውስጡን ይዩ፣ ጣትዎን አስገብተው ዙሪያውን ይዳብሱ። ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ብሎ የሚሄድ ጉብታ ካለ የተበየደ ነው። ጉብታ መጥፋቱ ግን ማረጋገጫ አይሆንም፤ በፋብሪካ ተልጦ ሊሆን ይችላል። ማግኔትም አይረዳም፤ ተራውንም ቅይጡንም ይስባል። ስለዚህ የፋብሪካውን ሰርተፍኬት ይጠይቁ፦ ብረቱ የቀለጠበትን ዙር የሚለየው በቧንቧው ላይ የታተመ ቁጥር ከወረቀቱ ጋር አንድ መሆን አለበት። ቁጥሩ ከተፋቀ ወይም አዲስ ቀለም ከተቀባበት፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢያጓጓ ይተዉት።

ካሊፐር (የስፋትና የውፍረት መለኪያ) ይዘው ይሂዱ። «2 ኢንች» የሚባለው ቧንቧ የውጭ ስፋቱ 60.3 ሚሊ ሜትር ነው። የግድግዳው ውፍረት ስኬጁል በሚባል ደረጃ ይለያል፤ በስኬጁል 40 3.91፣ በስኬጁል 80 5.54 ሚሊ ሜትር ይሆናል። መስፈርቱ እስከ 12.5 በመቶ መሳሳትን ይፈቅዳል፤ ስለዚህ ስኬጁል 40 የተባለውን በበርካታ ቦታ ለክተው አንዱ እንኳ ከ3.42 በታች ከመጣ አይቀበሉ። በኪሎ ከተሸጠልዎት ደግሞ የዚሁ ባለ 2 ኢንች ስኬጁል 40 አንዱ ሜትር 5.44 ኪሎ ግራም ያህል መመዘን አለበት።

በያጁንም አስቀድመው ያነጋግሩ። ፒ11 እና ፒ22 ከመበየዳቸው በፊት እንደ ውፍረታቸው ከ150 እስከ 200 ዲግሪ ገደማ መሞቅ አለባቸው፤ ኤሌክትሮዱም (የብየዳ ዘንጉ) ሃይድሮጂኑ ዝቅተኛ የሆነና በደንብ የደረቀ ይሁን። ፒ91 ከብየዳ በኋላም ከ700 ዲግሪ በላይ በቁጥጥር የሚሞቅ ስለሆነ ለዚያ ሥራ ምድጃውና መለኪያው ለሌለው በያጅ አይስጡ። ቧንቧው ሲቆረጥ ደግሞ የታተመውን ቁጥር በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ያስጽፉ።