የፍራተርኒቲና የሶሮሪቲ መሪዎችን ሲያፈሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአሜሪካ ኮሌጆች የአንድ ፍራተርኒቲ (የወንድ ተማሪዎች ማኅበር) ወይም ሶሮሪቲ (የሴት ተማሪዎች ማኅበር) ቻፕተር፣ ማለትም በአንድ ኮሌጅ ያለ የብሔራዊው ማኅበር ቅርንጫፍ፣ ያለው በ20 እና በ21 ዓመት ተማሪዎች እጅ ነው። መዋጮ ይሰበስባሉ፣ ውል ይፈርማሉ፣ ያጠፋ አባል ይቀጣሉ። የሥልጣን ዘመናቸው ግን ብዙውን ጊዜ ከአንድ ዓመት አያልፍም፤ ሥራውን በወጉ ሲለምዱት መውረጃቸው ይደርሳል። አብዛኛው ስህተት የሚመነጨውም ከዚሁ ነው።

ተወዳጅ ስለሆነ ብቻ መምረጥ። ጨዋታ አዋቂ ድምፅ አያጣም፤ ሒሳብ መዝጋት ግን ሌላ ሙያ ነው። ከምርጫው ሁለት ወር ቀደም ብሎ ለተወዳዳሪዎች አነስ ያለ ሥራ ይሰጣቸው፤ ለምሳሌ በ300 ዶላር አንድ የበጎ አድራጎት ዝግጅት መርቶ፣ ደረሰኝ አወራርዶ፣ የአንድ ገጽ ሪፖርት ማቅረብ። ደረሰኝ ማወራረድ የሚያቅተው ሰው ከምርጫ በፊት ቢታወቅ ይሻላል።

ርክክብን በአንድ ምሽት መጨረስ። ከሁሉ የሚያስከፍለው ይህ ነው። ምርጫ በኖቬምበር ይካሄዳል፣ ፈተና ይከተላል፣ ሁሉም ወደየቤቱ ይበተናል። በጃንዋሪ አዲሱ ተመራጭ የሚረከበው አንድ የጎግል ድራይቭ ሊንክ ነው፤ እሱም በተመራቂው የግል ኢሜይል የተከፈተ። ርክክብ ቢያንስ አራት ሳምንት ይፈልጋል፦ ሁለቱን ነባሩ ይሠራል፣ አዲሱ ያያል፤ ሁለቱን አዲሱ ይሠራል፣ ነባሩ አጠገቡ ይቀመጣል። ያልተከፈለ ዕዳ፣ ያላለቀ ውልና በእንጥልጥል ያለ የዲሲፕሊን ጉዳይ በጽሑፍ ይስፈር።

የባንክ ፈራሚ የሚቀየረው ነባሩ ገንዘብ ያዥ ከተማውን ሳይለቅ ነው። ባንኮች ብዙ ጊዜ ምርጫውን የሚያሳይ ቃለ ጉባኤና የፈራሚዎቹን መታወቂያ ይጠይቃሉ።

የአሜሪካ ፌዴራል ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት አይ አር ኤስም አይረሳ። ከፌዴራል የገቢ ግብር ነጻ የሆነ ቻፕተርም ዓመታዊ ሪፖርት አለበት። ጠቅላላ ገቢው በአብዛኛው ከ50,000 ዶላር የማይበልጥ ከሆነ 990-ኤን የተባለው አጭር የኢንተርኔት ቅጽ ይበቃል። የማስገቢያው ጊዜ የበጀት ዓመቱ ካለቀ በኋላ እስከ አምስተኛው ወር 15ኛ ቀን ድረስ ነው፤ በጁን 30 ለሚዘጋ ኖቬምበር 15 ማለት ነው። ነባሩ ልቡ የሚሸፍትበት፣ አዲሱ ገና ያልገባበት ሰሞን! ሦስት ዓመት በተከታታይ ካልተላከ ከግብር ነጻ መሆኑ ያለ ተጨማሪ ውሳኔ ይሰረዛል። በየዩኒቨርሲቲው ያሉ የሀበሻ ተማሪዎች ማኅበራትም ርክክቡን ከዚህ ቢማሩ አይጎዱም፤ ከበላያቸው ሆኖ የሚያስታውሳቸው ብሔራዊ ጽሕፈት ቤት የላቸውምና።

ፕሬዚዳንቱን ብቻ ሥልጠና መላክ። ደስ ብሎት ይመለሳል፣ በግንቦት ይመረቃል፣ ትምህርቱም አብሮት ይሄዳል። አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ጨምራችሁ ላኩ።

ሥራን ያለ ሥልጣን መስጠት። «እስቲ እዩት» ተብሎ የተሰጠ ሥራ ባለቤት የለውም። «የአዳራሹን ውል ከ400 ዶላር ሳታሳልፊ እስከ ሐሙስ ጨርሺ» ሲባል ግን ባለቤቱም፣ ገደቡም፣ ቀኑም ታወቀ። ከዚያ በኋላ ፕሬዚዳንቷ ገብታ ዋጋ መደራደር የለባትም።

ማንገላታትን እንደ መሪነት ማሠልጠኛ መቁጠር። ሄዚንግ የሚባለውን፣ አዲስ ገቢን የማንገላታት ልማድ «እኛም አልፈንበታል» እያሉ የሚከላከሉለት አሉ። አዲስ ገቢውን የሚያስተምረው ግን ዝም ማለትን ነው። በ2017 በፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ አንድ የ19 ዓመት ተማሪ ብዙ አልኮል ከጠጣ በኋላ ከደረጃ ወድቆ ሲጎዳ፣ አምቡላንስ የተጠራለት 12 ሰዓታት ያህል ካለፉ በኋላ ነው፤ ሕይወቱም አለፈ። ሲግማ አልፋ ኤፕሲሎን የተባለው ፍራተርኒቲ በ2014 የእጩ አባልነት ዘመንን ጨርሶ አስቀርቷል። በዲሴምበር 2024 የወጣው የፌዴራል ሕግ ደግሞ ኮሌጆች በሄዚንግ ጥፋተኛ ያገኟቸውን ማኅበራት በይፋ እንዲያሳውቁ ያስገድዳል። እያንዳንዱ ተመራጭ ቅደም ተከተሉን ከወዲሁ ይያዝ፦ መጀመሪያ የአደጋ ጊዜ ስልክ 911፣ ፕሬዚዳንቱ ከዚያ በኋላ።

የጓደኛን ጥፋት ማለፍ። መዋጮ ያልከፈለ ጓደኛ ሲኖር ገንዘብ ያዡ ብቻውን አይወስን። በሦስት ጊዜ የሚከፈልበት ውል በጽሑፍ ይዘጋጅ፤ ሁለተኛው ክፍያ ካለፈ ጉዳዩ ጓደኛው ባልሆነ ሌላ ተመራጭ ይታይ።