የቮልስ መሪ ሲላላ፦ ከመሪው ጫፍ እስከ ቴስቲኒ

ቮልስ ጋራዥ ገብቶ «መሪው ይጫወታል» ከተባለ፣ ብዙ ጊዜ እጅ ቀድሞ የሚያርፈው የመሪ ሳጥኑ (የመሪውን ዙር ለፊት ጎማዎች የሚያስተላልፈው ሳጥን) አናት ላይ ባለችው ማስተካከያ ብሎን ላይ ነው። ብሎኗ ትጠብቃለች፣ መሪው ለጥቂት ቀን ጠንከር ይላል፣ ከዚያ ልልነቱ ይመለሳል። ይባስ ብሎ መኪናው ኩርባ ዞሮ ሲወጣ መሪው በራሱ መመለስ ያቆማል። ይህች ብሎን መነካት ያለባት መጨረሻ ላይ ነው። ከሹፌሩ እጅ እስከ ፊት ጎማ ድረስ ሊላሉ የሚችሉ ቦታዎች አስር ያህል ናቸው፤ አብዛኞቹም ከሳጥኑ ውጭ ስለሆኑ በአንድ ባለ 13 ቁልፍ እና በትንሽ ትዕግስት ይስተካከላሉ።

እዚህ የተጻፈው ከ1962 ሞዴል ጀምሮ (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) ባለ ሮለር ሳጥን (ውስጡ በሚሽከረከር ሮለር የሚሠራ የመሪ ሳጥን) ለገባላቸው ቮልሶች ነው። የስፖርት መኪና መልክ ያለው ካርማን ጊያም የመሪ ሥርዓቱ የዚሁ ቤተሰብ ነው። ሱፐር ቢትል የሚባሉት 1302 እና 1303 ግን ፊታቸው ሌላ ነው። ኮፈኑን ከፍተው ስኮርታ ጎማው ተኝቶ ካዩት ሱፐር ነው፣ ቆሞ ከሆነ መደበኛው ነው።

መጀመሪያ ይለኩ

መኪናውን ሜዳ ላይ አቁመው የፊት ጎማዎቹን ቀጥ ያድርጉ። መሪው ጫፍ ላይ ፕላስተር ለጥፈው፣ ጎማው ሊንቀሳቀስ እስኪል ድረስ መሪውን በጣት ወደ ግራ፣ ከዚያም ወደ ቀኝ ይግፉ። ፕላስተሩ የሄደበት ርቀት እስከ 15 ሚሊ ሜትር ከሆነ መኪናው ጤነኛ ነው፤ ምንም አይንኩ። ከዚያ ካለፈ አንድ ሰው ሹፌር ወንበር ላይ ተቀምጦ መሪውን አጠር አጠር አድርጎ ግራ ቀኝ ያወዛውዝ፣ ሌላው በግራ የፊት ጎማ ጀርባ በባትሪ መብራት ይመልከት። የሚፈለገው ነገር አንድ ብቻ ነው፦ አብረው መንቀሳቀስ ሲገባቸው አንዱ ቀድሞ ሌላው የሚዘገይበት ቦታ። ዓይን ካልለየ ሁለቱን ክፍሎች በአንድ እጅ ጨብጦ መያዝ ይሻላል፤ ጣት ዓይን ያላየውን ልልነት ይሰማል።

መሪው ራሱ ወደ ላይና ወደ ታች ይነቃነቃል

መሪውን ይዘው ወደ ላይ፣ ወደ ታችና ወደ ራስዎ ይሳቡት። የመሪው ዘንግ የሚያልፍበት ቱቦ በሙሉ አብሮ ከተነቃነቀ ምክንያቱ ቱቦውን ከዳሽቦርዱ ሥር የያዙት ብሎኖች ናቸው፤ ማጥበቅ ነው። ቱቦው ቆሞ መሪው ብቻ ከተንቀጠቀጠ ግን ሁለት ተጠርጣሪ አለ፦ የመሪው ዳዶ፣ ወይም ቱቦው አናት ላይ ያለው ኩሽኔታ።

ባትሪውን ከፈቱ በኋላ የክላክሱን ክዳን በጣት ስበው ያውጡ። ዳዶው እንደ ዘመኑ 24 ወይም 27 ቁልፍ ይፈልጋል። ከላላ 50 ኒውተን ሜትር ያጥብቁት፣ ልልነቱ ከሄደ ሥራው አልቋል። ካልሄደ ኩሽኔታው ተበልቷል። ጎማዎቹን ቀጥ አድርገው፣ ፍሬቻውን መሃል ላይ መልሰው፣ ዘንጉና መሪው ላይ በቀለም ምልክት አድርገው ከዚያ መሪውን ያውጡ። ፍሬቻው መሃል ላይ ሳይሆን መሪው ከተገጠመ የመመለሻው ፕላስቲክ ይሰበራል፤ ከኩሽኔታው ይልቅ እሱን ማግኘት ይከብዳል።

መሪው አልወጣም ቢል ዘንጉን በመዶሻ አይምቱ። ከ1968 ሞዴል ጀምሮ ያሉት በግጭት ጊዜ እንዲሰበሰቡ ተደርገው የተሠሩ ስለሆኑ አንድ ጠንካራ ምት በቂ ጉዳት ያደርሳል። ዳዶውን ጫፉ ላይ በሁለት ጥርስ ትተው (ድንገት ሲለቅ ፊት እንዳይመታ)፣ መሪውን በሁለት እጅ ግራና ቀኝ እያፈራረቁ ይሳቡ፤ ወይም መጎተቻ ይጠቀሙ። ሲመልሱ በመሪውና በፍሬቻው ቤት መካከል ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይኑር። ከተነካኩ መሪው ይፋተጋል፤ ክፍተቱ የሚስተካከለው ቱቦውን ከዳሽቦርዱ ሥር ፈቶ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ በማንሸራተት ነው።

ቀጥ ባለ መንገድ ይዘገያል፣ ክላክሱም አንዳንዴ እምቢ ይላል

እነዚህ ሁለቱ አንድ ላይ ከመጡ ጥፋተኛው ከሞላ ጎደል ታውቋል። የመሪው ዘንግ ከሳጥኑ ጋር የሚገናኘው በጨርቅ በተጠናከረ ክብ ጎሚኒ ነው፤ ሁለት ብሎን ከዘንጉ ወገን፣ ሁለት ብሎን ከሳጥኑ ወገን ይይዙታል። የክላክሱ የኤሌክትሪክ መስመርም በዚሁ መጋጠሚያ በኩል ያልፋል፣ ስለዚህ ጎሚኒው ሲቀደድ ወይም ሽቦው ሲላቀቅ ክላክሱ ቀድሞ ይናገራል። ጎሚኒው በዘይትና በዕድሜ ይደርቃል፣ የብሎኖቹ ቀዳዳዎች ይሰፋሉ፣ መሃሉ ይሰነጠቃል።

ስንጥቅ ካዩ ማጥበቅ ዋጋ የለውም፤ ይቀይሩ። ከአሮጌ ጎማ ቆርጦ መተካት እዚህ ቦታ ላይ በፍጹም አይሆንም፤ የሚቆረጠው ጎማ ውፍረቱና የክሮቹ አቅጣጫ ለዚህ ጉልበት አልተሠራም፣ ሲቀደድ ደግሞ መሪውና ጎማው የሚለያዩት በጉዞ ላይ ነው። ከፖሊዩሬቴን የሚሠራው ጠንካራ ምትክ ዕድሜው ረጅም ነው፣ ግን የኮብልስቶንን ጉርብጥብጥ ሁሉ ለእጅ ያቀብላል።

አቀያየሩ እንዲህ ነው። ባትሪውን ይፍቱ፣ ጎማዎቹን ቀጥ ያድርጉ፣ መኪናውን በክሪክ አንስተው ድጋፍ ያስገቡ፤ ክሪክ ብቻውን አይታመንም። የቤንዚን ታንከሩን ማውረድ ቦታ ይሰጣል፣ ሳያወርዱም ግን ይቻላል። ዘንጉ ከመጋጠሚያው ጋር የሚታሰርበትን ብሎን ፈተው ዘንጉን ወደ ላይ ይሳቡ፣ አራቱን ብሎኖች አውጥተው አዲሱን ይግጠሙ። አዲሶቹ ብሎኖች 15 ኒውተን ሜትር፣ የዘንጉ ማሰሪያ 25 ኒውተን ሜትር ይጠብቃሉ። ዳዶዎቹን የሚቆልፉት የሚታጠፉ ቆርቆሮዎች አንድ ጊዜ ብቻ ያገለግላሉ፤ አዲስ ሳይይዙ አይጀምሩ። የክላክሱን ሽቦ መመለስ እንዳይረሳ። ዘንጉ ቀድሞ ከነበረበት ጥርስ ከተዛነፈ መሪው ተጣሞ ይገኛል።

ጎሚኒው ደህና ሆኖ ዘንጉ ማሰሪያው ውስጥ የሚሽከረከር ከሆነ መጀመሪያ ብሎኑን ያጥብቁ። ጠብቆም ከተነቃነቀ የዘንጉ ጥርስ ተበልቷል፤ በብየዳ መያዝ አይገባም፤ የተበላው ክፍል ይቀየራል።

ሳጥኑ ራሱ አክሰሉ ላይ ይሽከረከራል

መሪው ሲወዛወዝ ሳጥኑ የአክሰሉ ቱቦ ላይ ትንሽ ቢዞር፣ በአስተሳሰሩ ዙሪያ የሚያብረቀርቅ ጭረት ይታያል። ሁለቱን የማሰሪያ ብሎኖች እኩል እያፈራረቁ ከ25 እስከ 30 ኒውተን ሜትር ያጥብቁ። ሳጥኑ ሙሉ በሙሉ ቦታውን ከለቀቀ ግን ከማጥበቅ በፊት ወደ ቀድሞ ምልክቱ ይመለስ፣ አለበለዚያ የመሪ ዘንጉ በማዕዘን ተጣሞ አዲሱን ጎሚኒ ይበላል።

አሁን ሳጥኑ

ከላይ ያለው ሁሉ ጤነኛ ሆኖ፣ ወደ ሳጥኑ የሚገባው ዘንግ ቀድሞ፣ ከሳጥኑ ወደ ጎማዎቹ የሚወጣው ክንድ ከዘገየ፣ ያን ጊዜ ማስተካከያዋ ብሎን ተራዋ ደረሰ። ስኮርታውን አውጥተው ከሥሩ ያለችውን ትንሽ ክዳን ሲያነሱ ትታያለች።

ብሎኗን ጎማው ቀጥ ባለበት ቦታ ማስተካከል ትልቁ ስህተት ነው። ሳጥኑ ዕድሜውን የሚፈጨው መሃሉ ላይ ስለሆነ የተበላው እዚያ ነው፤ መሃሉን አጥብቀው መሪውን ሲያዞሩ ሮለሩ ያልተበላው ቦታ ላይ ሲደርስ ይጨናነቃል፣ ጠንካራውን ገጽም ይፍቃል። ትክክለኛው መንገድ መሪውን 90 ዲግሪ ወደ አንድ ጎን ማዞር ነው። ከዚያ መቆለፊያ ዳዶውን ይፍቱ፣ ብሎኗን በካቻቢቴ አንድ ዙር ያህል ያላሉ፣ ቀስ ብለው ሮለሩ መንካቱ እስኪሰማ ድረስ ያጥብቁ። እዚያው ይቁሙ። ብሎኗን እንዳትዞር ይዘው ዳዶውን 25 ኒውተን ሜትር ይቆልፉ። በግራም በቀኝም 90 ዲግሪ ላይ መሪው ጫፍ ላይ ያለው ልልነት ከ25 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም፤ አንዱ ጎን ከበለጠ በዚያ ጎን ይድገሙት።

በዚህ መልክ ከተስተካከለ በኋላም መሃሉ ላይ ከ15 ሚሊ ሜትር በላይ ከቀረ ሳጥኑ አልቋል። ሶማሌ ተራ አሮጌ ሳጥን ሲገዙ ዘንጉን በእጅ ከዳር እስከ ዳር ያዙሩት፤ መሃል ላይ እንደ ጉድጓድ የሚይዝ ወይም የሚዘል ከሆነ ከርስዎ ሳጥን አይሻልም። ከሥሩ ዘይት ያንጠባጠበና የደረቀ ሳጥንም ይተው። የሚይዘው 160 ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ ስለሆነ ትንሽ ፍሳሽ ባዶ ያደርገዋል። የጎማ ኩሽኔታ ግራሶ መሙላት መፍትሔ አይደለም፤ ወፍራም ስለሆነ ሮለሩ ገፍቶ ካወጣው በኋላ ተመልሶ አይመጣም።

ሳጥኑም ደህና ከሆነ

ቴስቲኒዎቹን (የመሪ ዘንጎቹ ጫፍ ላይ ያሉትን የኳስ መጋጠሚያዎች) በእጅ ጨብጠው መሪውን ያስወዛውዙ፤ የሚንቀጫቀጭ ካለ ይቀይሩ፣ ዳዶውን የሚቆልፈውን ኮፒሊያ አዲስ ያድርጉ፣ ከዚያ አላይመንት ያሠሩ። የፊት ጎማውን አንስተው ከላይና ከታች ይዘው ይነቅንቁ፤ የጎማ ኩሽኔታው ከላላ ዳዶውን ሲነኩ የግራው ጥርስ ተገላቢጦሽ መሆኑን ያስታውሱ፣ ለመፍታት ወደ ሰዓት አቅጣጫ ይዞራል። እስከ 1965 ሞዴል ያሉት ኪንግ ፒን (የፊት ጎማው ግራ ቀኝ የሚዞርበት ቋሚ ፒን) ስላላቸው ግራሶ ካጡ እዚያም ይላላሉ። ሱፐር ቢትል ላይ ደግሞ ከሁሉ በፊት ከሳጥኑ ተቃራኒ ያለው ክንድ ቡሽ ይታይ።

አንዳንዴ ደግሞ የላላ ነገር የለም። የቮልስ ፊት ቀላል ነው፣ ሞተሩ ከኋላ ነው፤ የፊት ጎማ እንደ ሌላው መኪና 30 ከተነፋ መኪናው መንገዱን ይዋኛል። ራዲያል ጎማ ላለው ፊት 18፣ ኋላ 27 ፒኤስአይ ይበቃል።

ሲያበቁ ባዶ ሜዳ ላይ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት እየነዱ ጠበብ ያለ ኩርባ ይዙሩና መሪውን ከእጅዎ ለቀቅ ያድርጉት። ቀጥ ሊል 45 ዲግሪ እስኪቀረው ድረስ በራሱ መመለስ አለበት። ካልተመለሰ ሮለሩ ጠብቋል፤ መሪውን 90 ዲግሪ አዙረው ብሎኗን በጥቂቱ ያላሉ።