«ኢንጆይ» ስትሉ ያስደሰታችሁን ነገር አብራችሁ ጥሩ

አራት ኪሎ ካፌ ቁጭ ብላችሁ ከውጭ እንግዳ ጋር እንግሊዝኛ የምታወሩ ልጆች፣ ይቺን ያዙልኝ። «ኢንጆይ» ብቻዋን መቆም አትወድም። ምን እንዳስደሰታችሁ ተከትሏት መምጣት አለበት። «አይ ኢንጆይድ ቬሪ ማች» ብላችሁ ካቆማችሁ ስሜቱ ይገባል፤ ዓረፍተ ነገሩ ግን ጎደሎ ነው። «አይ ኢንጆይድ ዘ ማኪያቶ» በሉ፤ ወይም «አይ ኢንጆይድ ኢት»። በአማርኛ «ተደሰትኩ» ብለን ስለምንጨርስ ነው የሚያሳስተን።

ያስደሰታችሁ ድርጊት ከሆነ ደግሞ ግሱ መጨረሻው ላይ «ኢንግ» ይጨምራል። «አይ ኢንጆይ ዎኪንግ ኢን ፒያሳ» ነው እንጂ «ቱ ዎክ» አይባልም። ስንት ጎበዝ ተማሪ እዚህ ጋ ይደናቀፋል! «ላይክ» ሁለቱንም ስለሚቀበል «ኢንጆይ»ም የሚቀበል ይመስላቸዋል።

ጨዋታው በጥቅሉ ደስ ካላችሁ «አይ ኢንጆይድ ማይሰልፍ» ትክክል ነው። እንግዳችሁን ድንቅነሽን ልታሳዩት ብሔራዊ ሙዚየም ከወሰዳችሁት፣ ሲወጣ «ዲድ ዩ ኢንጆይ ኢት?» ብላችሁ ጠይቁት። ምግብ ስታቀርቡለት ግን «ኢንጆይ!» ብቻ ይበቃል፤ ምግቡ እፊቱ ስላለ ምኑን እንደሆነ ያውቀዋል።